እርሳሱ ሲመሰክር

ስሙኝማ! ጦርነቱ ገና ማብቃቱ ነው፤ ግንቦት እ.ኤ.አ. 1945፣ አምስተርዳም። ሃን ቫን ሜኸረን የሚባል ሠዓሊ ታስሯል። የታላቁን የዮሃነስ ቬርሜርን ሥዕል፣ ያን የአገር ቅርስ፣ ለናዚው ባለሥልጣን ለሄርማን ጎሪንግ አሳልፈህ ሰጥተሃል ተብሏል። ከጠላት ጋር ማበር ነዋ! በሞት የሚያስቀጣ ነገር። ሰውየው ዝም አለ፣ ዝም አለ፤ ኋላ ሲጨንቀው ሥዕሉን የሣልኩት ራሴ ነኝ ብሎ አረፈው።

ማን ይመነው! ከዚያ በፊት ያው እጅ የሣለውን «የኤማሁስ እራት» ስመ ጥሩው ሊቅ አብርሃም ብሬዲየስ የቬርሜር ነው ብሎ መስክሮለት፣ ከ500 ሺህ ጊልደር በላይ ተከፍሎበት የሮተርዳሙ ቦይማንስ ሙዚየም ገብቷል። በል እስቲ ሣልና አሳየን ተባለ። በምስክሮች ፊት ሣለ።

እንዴት ቢያደርገው ነው? የዘይት ቀለም አጥብቆ እስኪደርቅ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። መርማሪ አልኮል የነካ ጥጥ ሲያሽበት፣ አዲስ ከሆነ ይለቃል። ሜኸረን ይህን ያውቃል። የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሸራ ገዝቶ የላዩን ሥዕል ፋቀ፤ ቀለሙን ባክላይት በሚሠራበት ሙጫ ለወሰ፤ ምድጃ ከትቶ ከ100 ዲግሪ በላይ አጋለው። ድንጋይ ሆነ። ሸራውን ጠቅልሎ ሰነጣጠቀው፤ ስንጥቁ ያረጀ እድፍ የያዘ እንዲመስል ጥቁር ቀለም አሰረገበት። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

ለፍርድ ቤቱ የመረመረው ቡድን መሪ ቤልጂየማዊው ኬሚስት ፖል ኮሬማንስ ነበር። ያንኑ ሙጫ ከቀለሙ ውስጥ አወጡት። ቬርሜር የሞተው በ1675፣ ሙጫው የተፈለሰፈው በ20ኛው ክፍለ ዘመን! በ1947 መገባደጃ ሠዓሊው በማጭበርበር አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ እስሩን ሳይጀምር በዚያው ዓመት ሞተ።

ሆኖም ኤማሁስ እውነተኛ ነው ብለው የተሟገቱ አልጠፉም። እኔን ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ነጩ ቀለም የሚሠራው ከእርሳስ ነው። ማዕድኑ ሲቀልጥ አብዛኛው ራዲየም ተለይቶ ይወጣል፤ እርሳስ-210 የሚባለው ጨረር አመንጪ ግን ከብረቱ ጋር ይቀራል፤ ከዚያ በየ22 ዓመቱ ግማሹ እየጠፋ ይሄዳል። ምድጃ ሙጫ ያደርቃል እንጂ እርሳስ አያስረጅም። ቀለሙ የቬርሜር ዘመን ቢሆን ኖሮ፣ በ300 ዓመት ውስጥ የእርሳሱ ጨረር ቀንሶ ከቀረችው ራዲየም ጋር መተካከል ነበረበት። አሜሪካዊው በርናርድ ኬይሽ ከኤማሁስ የተወሰደውን ነጭ ቀለም ለክቶ ውጤቱን በ1968 አሳተመ። ጨረሩ ከራዲየሙ 10 እጥፍ ገደማ ነበር።