ነፍስ በአካል ውስጥና ከአካል ውጭ፦ ከአሶሳ ድንበር የተገኘ ታሪክ

የሰው ተፈጥሮ ነፍስ መኖሯን ያመለክታል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ሲና፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ምንም የማይዳስስ ሰው እንኳ የራሱን መኖር ያውቃልና ነፍስ ከአካል የተለየች ናት የሚል መልስ ሰጥቷል።

ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ አሶሳ አካባቢ የተሰደዱት የኡዱክ ሕዝብ አባላት ግን፣ የሰውን ኅብረተሰብና ባህል የሚያጠኑት አንትሮፖሎጂስት ዌንዲ ጄምስ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ «ካሺራ» የተባለውን የሕያው ሰው ውስጣዊ ማንነት ከአካል ስሜት ነጥለው አያዩትም፤ «አሩም» የሚሉት መንፈስ ደግሞ የሙታንንም የሰማይንም ኃይል ያጠቃልላል። በ1938 እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ ወዳለችው የኡዱኮች መንደር ወደ ቻሊ የመጡ ሚሲዮናውያን ይህንኑ ቃል ለፈጣሪ መጠሪያ አድርገው ተጠቀሙበት።

ሁለቱም መንገዶች ከሰው ተፈጥሮ ቢነሡም፣ አንዱ አካልን ወደ ጎን በመተው፣ ሌላው አካልን በመመርመር ነፍስን ስለሚፈልግ፣ ተፈጥሮ ጥያቄውን ያስነሣል እንጂ መልሱን ብቻውን አይወስንም።