ስለ ግሪፊት ሜዳና በዚያ ስለ ከበሩ ሰዎች

በዋሽንግተን ከተማ የጆርጂያና የፍሎሪዳ ጎዳናዎች በሚገናኙበት አጠገብ፣ ዛሬ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሞ ሕሙማን ፈውስ በሚሹበት ቦታ ላይ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሕዝብ የፈነጠዘበትና ያዘነበት፣ ፕሬዚዳንቶችና የጎዳና ነጋዴዎች በአንድ ቀን የተገናኙበት የቤዝቦል ሜዳ ነበር፤ ስሙም ግሪፊት ስታዲየም ይባል ነበር። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ በ9ኛው መንገድና በዩ ጎዳና ያሉትን የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የሚያዘወትር ያገሬ ሰው፣ ክትፎውን በልቶ ቡናው እስኪፈላ ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት ያመሻል እንጂ፣ በቅርቡ ያለው ያ ሥፍራ የስንት ሰው ስም በእልልታ የተጠራበት እንደ ነበረ የሚነግረው አያገኝም። እኔም የኳሱም የሙዚቃውም ወዳጅ እንደ መሆኔ መጠን፣ በዚያ ሜዳ ዙሪያ ስለ ከበሩ ሰዎችና ክብራቸው ስለ መጣበት መንገድ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የማነሣው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ አንዱ ወርዋሪ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው የእንጨት ዱላ ይዞ ሊመታት ይጠብቃል፤ የመታትም እንደ ሆነ በሜዳው ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ነጥብ ይቈጠርለታል። ኳሲቱን ከአጥር አሻግሮ የሰደዳት እንደ ሆነ ግን ማንም ሳይከለክለው ዞሮ ይገባል፤ ይህንንም ሆም ረን ይሉታል። በዚያ ሥፍራ አስቀድሞ የነበረው የእንጨት ስታዲየም በመጋቢት 1911 በእሳት ጋየ፤ የጨዋታው ወራት በሚያዝያ ይከፈት ስለ ነበረ፣ ሠራተኞች ሌሊትና ቀን ደክመው አዲሱን በብረትና በሲሚንቶ ማነጽ ጀመሩ፤ ሥራው ሳያልቅም ጨዋታው በቀኑ ተከፈተ። ከመካከለኛው አጥር በስተኋላ ግን ቤታቸውን አንሸጥም ያሉ ባለ ርስቶች ስለ ነበሩ፣ ግንበኞቹ አምስት ቤቶችንና አንድ ትልቅ ዛፍ ላለመንካት ግንቡን ወደ ውስጥ አጥፈው ሠሩት። ስለዚህ ያ ስታዲየም እስከ ፈረሰበት ቀን ድረስ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ በአጥሩ ላይ እያዘነበለ፣ ማዕዘኑ ጐባጣ ሆኖ ኖረ።

በሚያዝያ 14 ቀን 1910፣ ገና የእንጨቱ ሜዳ ሳይቃጠል፣ ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ከመቀመጫው ተነሥቶ የመጀመሪያውን ኳስ ወረወረ፤ ከዚያ ወዲህም የአገሪቱ መሪዎች ይህን ሥርዓት እንደ ልማድ ያዙት። ያን ኳስ የተቀበለው ዋልተር ጆንሰን የተባለው የዋሽንግተን ሴኔተርስ ቡድን ወርዋሪ ሲሆን፣ በዚያው ቀን ተቃራኒዎቹን አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገቡ አሸነፈ፤ ኳሲቱንም ወደ ቤተ መንግሥት ልኮ ፕሬዚዳንቱ እንዲፈርምባት አደረገ። ጆንሰን 21 ዓመት ሙሉ ለአንድ ቡድን ብቻ ተጫውቶ 417 ጊዜ ያሸነፈ፣ ከእነዚህም ውስጥ በ110ሩ ጨዋታዎች ተቃራኒውን ያለ ነጥብ የሰደደ፣ ነገር ግን ጠባዩ የዋህ፣ አንደበቱ ቁጥብ፣ ኳሱ መቺውን እንዳይጐዳው የሚሠጋ ሰው ነበር። ሕዝቡም ስለ ኀይሉ ከሚያደንቀው ይልቅ ስለ ትሕትናው ይወደው ነበር።

ይህ ፍቅር ፍሬ ያፈራው በጥቅምት 10 ቀን 1924 ነው። ዋሽንግተን ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ለዋንጫው ሰባተኛውን ጨዋታ ስታደርግ፣ ጆንሰን 36 ዓመት ሞልቶት፣ በዚያው ውድድር ሁለት ጊዜ ተሸንፎ፣ ዘመኑ አልፏል እየተባለ ይታዘንለት ነበር። ዘጠነኛው ዙር ሲጀመር ነጥቡ እኩል ስለ ነበረ አሠልጣኙ ሽማግሌውን ጠራው፤ እርሱም እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ዙር ድረስ አንድ ነጥብ ሳያስገባ ጸና። በመጨረሻም አንድ የዋሽንግተን መቺ ወደ ሦስተኛው ማረፊያ የሰደዳት ተራ ኳስ፣ ጠጠር ነክታ ይሁን ወይም እግዚአብሔር በፈቀደው በሌላ ምክንያት፣ በኒው ዮርኩ ተከላካይ ራስ ላይ ነጥራ አለፈች፤ ሯጩም ገባ፤ ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸነፈች። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በሥፍራው ነበር፤ ሕዝቡ ግን በዚያ ሰዓት ፕሬዚዳንት መኖሩን የረሳ ይመስል ወደ ሜዳው ፈሰሰ፤ ጆንሰንንም ለማየት ይጋፋ ጀመር። ከ12 ዓመት በኋላ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ለክብር አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰዎች ሲመርጡ፣ ጆንሰን ከአምስቱ አንዱ ሆነ። እርሱን በተመለከተ፣ የሕዝቡ ፍቅርና የመዝገቡ ምስክርነት ጐን ለጐን ሄደዋል ማለት ይቻላል።

ታፍት ኳሱን በወረወረበት በዚያው በ1910 ዓመት፣ ከሜዳው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ለጥቁር ተመልካቾች የተሠራው ሀዋርድ ቴአትር በሩን ከፈተ። በዚያ ሰፈር ያደገ ኤድዋርድ ኤሊንግተን የተባለ ልጅ፣ የዓለም ሕዝብ በኋላ ዱክ ብሎ የጠራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ያገኘው በዚያ ኳስ ሜዳ ለውዝ በመሸጥ ነው። በመጽሐፉ እንደ ተናገረው፣ በመጀመሪያው ቀን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እየጮኸ መሸጥ ስላሳፈረው ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ተደብቆ ዋለ፤ ውሎ አድሮ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ መጣራትን ለመደ። ራሱም ቤዝቦል ይጫወት ነበርና፣ አንድ ቀን በጨዋታ መካከል ዱላ ራሱን ስለ መታው፣ እናቱ ደንግጣ ልጇ ከዱላ ይልቅ ፒያኖ እንዲማር አደረገች። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም በጆርጂያ ጎዳና በነበረ አንድ ካፌ ለስላሳ መጠጥ እየቀዳ ሲሠራ የመጀመሪያውን ዜማውን ደረሰ። የኳሱ ሜዳ አንድ ተጫዋች ቢያጣም፣ ሙዚቃ እጅግ ታላቅ ሊቅ አገኘች። ይህ ሰው በስተርጅናው በ1973 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሙዚቃውን አሰምቶ፣ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀበለ፤ በሚከተለው ዓመትም ዐረፈ።

አሁን ወደ ሐዘኑ ክፍል እንመጣለን። ዱላና ኳስ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ በገና ዕለት ጌታና ሎሌ ተደባልቀው ሲጋፉ ጌታው እንደማይቈጣ የታወቀ ነው። በግሪፊት ሜዳ ግን ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደ ሆነ ገና ከመቀመጫው ይታወቅ ነበር። ጥቁር ተመልካች በቀኝ በኩል ካለው ሰገነት እንዲቀመጥ ልማድ ያስገድደው ነበርና፣ የሰፈሩ ባለቤት ሆኖ ሳለ በሰፈሩ ሜዳ እንደ እንግዳ ይቈጠር ነበር። በዚያ ሜዳ በልጅነቱ የሚበላ የሚጠጣ ይሸጥ የነበረው ጋዜጠኛ ሳም ሌሲ፣ በ1937 ወደ ቡድኑ ባለቤት ወደ ክላርክ ግሪፊት ቀርቦ ጥቁሮችን እንዲያጫውት ለመነው፤ ሌሲ እንደ ተረከው፣ ግሪፊት እንዲህ ቢደረግ የጥቁሮቹ ሊግ ይፈርሳል ብሎ መለሰለት። ይሁን እንጂ ግሪፊት የእነዚሁ ጥቁሮች ገንዘብ አልከበደውም፤ ሴኔተርስ ወደ ሌላ ከተማ በሄዱ ጊዜ ሜዳውን ሆምስቴድ ግሬይስ ለተባለው የጥቁሮች ቡድን እያከራየ ብዙ ትርፍ ያገኝ ነበር።

ግሬይስ በፒትስበርግ አጠገብ የብረት ሠራተኞች ካቋቋሙት ቡድን የወጡ ሲሆኑ፣ ከ1940 ገደማ ጀምሮ ዋሽንግተንን ሁለተኛ ቤታቸው አደረጓት። እሑድ ቅዳሴው ሲያበቃ ምእመናኑ የበዓል ልብሳቸውን ሳይለውጡ፣ ወንዱ ባርኔጣውን ሴቲቱም ጓንቷን እንዳደረጉ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሜዳው ይወርዱ ነበር። ሜዳው ራሱም አንዳንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ይሆን ነበር፤ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ማኅበረ ምእመናኑን የሰበሰበውና ስብከቱ በራዲዮ የሚሰማው ላይትፉት ሚሾ የተባለው ሰባኪ፣ በሣሩ ላይ ገንዳ አቁሞ፣ መዘምራኑ እየዘመሩ፣ በሺህ በሚቈጠር ሕዝብ ፊት ያጠምቅ ነበር።

ከግሬይስ ሁሉ የበለጠው ጆሽ ጊብሰን ነበር። ይህ ሰው ከመቺው በስተኋላ ተቀምጦ ኳስ የሚይዝ፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ዱላውን ብዙ ሳያወዛውዝ በክንዱ ብርታት ብቻ የሚመታ ነበር። በግሪፊት ሜዳ የግራው አጥር ከመቺው 120 ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የነጮቹ ቡድኖች መቺዎች በዚያ በኩል ኳስ ማሻገር ጭንቅ ይሆንባቸው ነበር፤ ጊብሰን ግን ደጋግሞ አሻገረ። የቡድን ጓደኛው ባክ ሌናርድ በኋላ እንደ መሰከረው፣ ግሪፊት አንድ ቀን ሁለቱን ወደ ቢሮው ጠርቶ ነጮች ብቻ ይጫወቱበት በነበረው በታላቁ ሊግ ለመጫወት ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ እነርሱም እንወዳለን አሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የመጣላቸው ቃል የለም። ሴኔተርስ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ በሠንጠረዡ ግርጌ ይገኙ ነበርና፣ ባለቤቱ አድልዎውን ለመጠበቅ ሲል ሽንፈትን መረጠ ቢባል ሐሰት አይደለም። ጊብሰን በጥር 20 ቀን 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ወር ሳይሞላም ጃኪ ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር ተጫዋች በብሩክሊን ለዶጀርስ ተሰልፎ የዘመናትን አጥር አፈረሰ።

ዋሽንግተን ግን ገና ሰባት ዓመት ዘገየች። በግንቦት 1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ዘርን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ፤ በዚያው ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን ሲጐበኙ፣ ከስታዲየሙ አጠገብ ባለው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀበሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጥቁሮቹ ሊቃውንት ጋር በክብር በተገናኙበት በዚያ ወቅት፣ ከጎረቤት ባለው ሜዳ የሴኔተርስን መለያ የለበሰ አንድ ጥቁር ተጫዋች እንኳ አልነበረም፤ ካርሎስ ፓውላ የተባለው የኩባ ተወላጅ የመጀመሪያው ሆኖ የተሰለፈው በመስከረም ወር ነው። ክላርክ ግሪፊት በ1955 ሞተ፤ ወራሹም ከ1960 ጨዋታ በኋላ ቡድኑን ወደ ሚኒሶታ ወሰደው፤ ስታዲየሙም በ1965 ፈረሰ።

ጊብሰንና ሌናርድ ወደ ክብር አዳራሽ የገቡት በ1972 ነው። ሌናርድ በሕይወት ኖሮ ክብሩን በእጁ ተቀበለ፤ ጊብሰን ግን ከሞተ 25 ዓመት አልፎት ነበር። በ2024 ደግሞ የታላቁ ሊግ አስተዳደር የጥቁሮቹን ሊግ ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋሕድ፣ ጊብሰን በአማካይ ከ1000 ሙከራ 372ቱን በማሳካት በዘመናት ሁሉ ካሉት መቺዎች የመጀመሪያውን ሥፍራ ያዘ። እንግዲህ በቀኙ ሰገነት የተቀመጠው ሕዝብ በ1943 የሚያውቀውን ነገር፣ አስተዳዳሪዎቹ ያወቁት ከ81 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው ሕዝቡ ጊብሰንን ስለ ወደደው ብቻ አይደለም። ጭብጨባ በተመልካቾቹ ዕድሜ ይወሰናል፤ ያዩት ሰዎች ሲያልፉ ዝናው ወደ ተረት ይለወጣል፤ ተረቱንም የማያምን ትውልድ ይነሣል። ጊብሰንን ከዚህ ያዳኑት ሳም ሌሲና የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ታላላቆቹ ጋዜጦች ዝም ባሉበት ዘመን፣ በአፍሮ አሜሪካንና በሌሎቹ የጥቁሮች ጋዜጦች ላይ የጨዋታዎቹን ውጤት፣ ማን ስንት መታ ማን ስንት ገባ እያሉ ጻፉ፤ ተመራማሪዎችም ያረጁትን ገጾች አንድ በአንድ መርምረው ቍጥሩን ሰበሰቡ። እኛም በየቤታችን በሚወደዱ ድምፃውያንና ተጫዋቾች የበለጸግን ሕዝብ ነን፤ ዜማውን ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንደ መታው፣ በየትኛው ቀን በየትኛው መድረክ እንደ ተሰማ የሚጽፍልን ሰው ግን ጥቂት ነው። ለምንወደው ሰው ከምናደርግለት ውለታ የሚበልጠው በሐውልቱ ምረቃ ላይ መገኘት አይደለም፤ ሥራውን በሠራበት ቀን ስሙንና ቍጥሩን ሳያዛንፉ መጻፍ ነው።