የአስመራ ብስክሌትና የአሮጌው ምርጫ

ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለው የሐማሴን ደጋ ላይ የተቆረቆረችው አስመራ፣ መሬቷ ለጥ ያለ፣ ጎዳናዎቿም ሰፋፊ ስለሆኑ፣ በኢጣሊያ የቅኝ ግዛት ዘመን የገባው ባለሁለት መንኰራኵር ተሽከርካሪ በርሷ ዘንድ ጽኑ ሥር ሊሰድ ችሏል። የዙር ኤርትራ የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጀመር ኢጣሊያ ግዛቷን ካጣች አምስት ዓመት አልፎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ኤርትራ ያኔ በፌዴሬሽን የተቀላቀለቻት ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችም አብረው ዘምተዋል።

ይሁን እንጂ የውድድሩ ክብር፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ አሮጌ ብስክሌት ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ የሚመላለሰውን ሕዝብ ታሪክ ሊጋርደው አይገባም፤ የከተማዋን የዕለት ኑሮ የተሸከመው ይኸው ሕዝብ ነውና። በጥቂት ገንዘብ አሮጌ ብስክሌት የሚገዛ አስተዋይ ሰው በአዲስ ቀለም አይታለልም፤ ቀለም ስብራትን ይሸፍናልና። አስቀድሞ ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) በሚጋጠምበት ሥፍራ ሁሉ የብየዳ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን በጣቱ ይዳስሳል፤ ቀጥሎም የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ ያሽከረክረዋል፣ ቸርኬውም በፍሬኑ ጎማዎች መካከል ሳይወላገድ ማለፉን አጎንብሶ ይመለከታል። ራጂ ቢላላ ይጠብቃል፣ ካላማዳሪያ ይለጠፋል፣ ሰንሰለትም ይለወጣል።

ቴላዮው የተሰነጠቀ ብስክሌት ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ የሚነዳውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣልና ሊገዛ አይገባም።