ብርሃንና ሙቀት በኤሌክትሪክ መንገድ ላይ

የኤሌክትሪክን ታሪክ ስንመረምር፥ ታላላቅ ግኝቶች ሁሉ ታስበው የተገኙ አለመሆናቸውን እንረዳለን። አንዳንዶቹ የመጡት ሥራን ከሚያውክ እንከን ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሊቃውንቱ የሚያውቁት፥ ብረት በጋለ መጠን ኤሌክትሪክን ማስተላለፉ እየደከመ መሄዱን ነበር። በ1833 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴይ ብርና ድኝ የተዋሐዱበትን ነገር በመብራት ነበልባል ቢያሞቀው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ በሞቀ ቍጥር ማስተላለፉ በረታ፥ በቀዘቀዘም ጊዜ መልሶ ደከመ። ፋራዴይ ያየውን በትክክል ጽፎ አኖረ።

ከ40 ዓመት በኋላ ሁለተኛው እንቆቅልሽ መጣ። ዊሎቢ ስሚዝ በባሕር ሥር የሚዘረጋውን የቴሌግራፍ ሽቦ ለመፈተን ኤሌክትሪክን አጥብቆ የሚከለክል ነገር ቢፈልግ፥ ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር በዘንግ መልክ አሠርቶ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አሸገው። ነገር ግን ልኩ አንድ ጊዜ ከፍ፥ አንድ ጊዜ ዝቅ እያለ አስቸገረ። ለመለኪያ የታሰበ ዕቃ ራሱ ካልጸና ምን ይረባል? ዕቃውን መጣል ቀላል ነበር፤ ስሚዝ ግን መንሥኤውን ፈለገ። ዘንጎቹ በተከደነ ሣጥን ውስጥ ሲሆኑ መከልከላቸው ይበረታል፤ ክዳኑ ተነሥቶ ብርሃን ሲያገኛቸው ግን ማስተላለፋቸው እንደ ብርሃኑ ብርታት ከ15 እስከ 100 በመቶ ይጨምራል። ምክንያቱ ሙቀት እንዳይሆን ብርሃኑ በውሃ ውስጥ አልፎ እንዲደርስ ተደረገ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ይህም በ1873 ዓ.ም. ታተመ።

የእንቆቅልሾቹ ፍቺ የተገኘው በ1931 ዓ.ም. እንግሊዛዊው አላን ዊልሰን ካቀረበው ትምህርት ነው። በብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች አስቀድሞ ነጻ ስለ ሆኑ፥ ሙቀት አተሞቹን እያርገበገበ መንገዳቸውን ያውካል እንጂ አዲስ መንገደኛ አያመጣም። ከፊል አስተላላፊ በሚባሉት ግን አብዛኞቹ ኤሌክትሮኖች እንደ ታሰሩ ናቸው። ሙቀት ሲበረታ ጥቂቶቹ ከእስራታቸው ይወጣሉ፤ በቂ ኃይል ያላት የብርሃን ቅንጣትም እንዲሁ ታስፈታለች። የወጣው ኤሌክትሮን የተወው ባዶ ስፍራ እንኳ ኤሌክትሪክን በመሸከም ያገለግላል።

በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከፀሐይ ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊኮን መሣሪያ አሳዩ። ዛሬ በገጠራችን በጣራ ላይ የምናየው የፀሐይ መብራት የዚያ ዘር ነው።

እንግዲህ በመዝገብም ሆነ በትምህርት ክፍል ከተለመደው ደንብ ጋር የማይስማማ ቍጥር ሲያጋጥመን፥ ፍቀን ለማስተካከል አንቸኵል። ፋራዴይ ፍቺውን ሳያይ በ1867 ዓ.ም. ሞተ፤ የጻፈው ግን 98 ዓመት ቈይቶ ፍቺውን አገኘ።