ሕፃን እያለቀሰ ትንፋሹ ሲቋረጥ

ሕፃኑ ይወድቃል ወይም አሻንጉሊቱን ይነጠቅና ያለቅሳል፤ ከዚያም አየር አስወጥቶ መልሶ ሳይስብ ይቀራል። ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ሰውነቱ ይዝላል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። በጠሪቅ ኤል ጅዲዴ የሰው ልጅ በአደራ ለሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች፣ በተለይ ወላጆች በሌሉበት ሰዓት፣ ከድንጋጤው ሌላ የተጠያቂነት ሥጋትም አለው።

ክስተቱ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ይታያል። ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም፤ የሰውነቱ ያልታሰበ ምላሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሹ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ በአንጎሉም ላይ ጉዳት አይተውም።

በዚያች ቅጽበት ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ ሊጎዳው የሚችለውን ዕቃ ማራቅና ሰዓት መመልከት ይበቃል። መነቅነቅ፣ ውኃ መርጨት ወይም ጣት ወደ አፉ መክተት አይገባም፤ በአገር ቤት የተለመደው ክብሪት ማሽተትም አይጠቅምም። እየበላ ሳለ ከሆነ ግን ታንቆ ሊሆን ስለሚችል አፋጣኝ ርዳታ ያሻዋል። ከ1 ደቂቃ በላይ ካልነቃ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ይጠራል።

ልጁ ቢነቃም የመጀመሪያው ክስተት በሐኪም መታየት አለበት፤ የመቃሲድ ሆስፒታል በዚሁ ሰፈር ይገኛል። የብረት ማዕድን እጥረት ክስተቱን ስለሚያደጋግም የደም ምርመራ ይጠቅማል። ዕድሜው ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ወይም ሳያለቅስ፣ ተኝቶ አልያም እየሮጠ ሳለ ከደረሰበት የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው አይዘገይም።

ቁጣን ፈርቶ ከመዳም መደበቅ ለልጁም ለሠራተኛዋም የከፋ ነው። ከመውደቁ በፊት ምን እንደሆነ፣ መልኩ ጠቁሮ ወይም ገርጥቶ እንደነበርና ስንት ሰኮንድ እንደቆየ በዕለቱ መንገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙም አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።