ዝናቡን ማን ወሰደው?

ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው ዞሮ ዞሮ ዝናብ ላይ አረፈ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ ሆኖ መጣ። አንድ አባት ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው «በኃጢአታችን ነው እንጂ ሌላ ምን አለ!» አሉ። ቤቱ ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ለቅሶ ቤት ሽማግሌ አይታረምም። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ እዚህ ልጻፈው።

አባባሉ አዲስ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው «ክፉ ቀን» ጊዜም ብዙ ሰው ያለው ይህንኑ ነበር። ከብቱ አለቀ፤ ከ10 ከብት 9ኙ እንደሞተ ይነገራል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፣ ረሃቡ አገር ፈታ። መዓት ነው ተባለ። ዛሬ መነሻውን እናውቃለን። «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ነው (የስሙ ነገር!)፤ ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ምክንያቱ ቫይረስ መሆኑ ስለታወቀ ክትባት ተሠራለት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። መዓት የተባለው በመርፌ ተሸነፈ።

አሁን ወደ ዝናባችን ልምጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል አደረግን። ወር ብዙም ሳያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1896፣ ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል ስዊድናዊ ሳይንቲስት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ካልኩሌተር የለ፣ ኮምፒውተር የለ፤ በእጁ ሲያሰላ ከርሞ፣ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ትሞቃለች አለ። የዛሬው ስሌት ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ከእሱ 40 ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1856፣ ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ይህን ጋዝ በመስታወት ዕቃ ሞልታ ፀሐይ ላይ በማስቀመጥ ከተራ አየር የበለጠ እንደሚሞቅ አሳይታ ነበር።

አሬኒየስ ግን አልሰጋም። ለቀዝቃዛ አገሩ ሙቀት በረከት መስሎት ነበር፤ ያን ያህል ከሰል ለማቃጠልም ሺህ ዓመታት ይፈጃል ብሎ ገመተ። እዚህ ላይ ተሳሳተ። ፋብሪካው በዛ፣ መኪናው መጣ፣ አውሮፕላኑ መጣ። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ገደማ የነበረው ጋዝ፣ በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ ሃዋይ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 አካባቢ ደርሶ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። ምድርም ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች።

ያቃጠለው ማነው? እስካሁን ከተለቀቀው ካርቦን ውስጥ የመላው አፍሪካ ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። የከፈለው ግን ሌላ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱ ዓይኑ እያየ አለቀ። የዝናቡ መቅረት ብቻ አይደለም፤ የሞቀ አየር አፈሩ ውስጥ የቀረችውን እርጥበት ይመጣታል። ያው የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ስለሚሸከም፣ ሲጥል ደግሞ አንዴ ይለቀዋል። ለቅሶ ቤት ያወራነው ጎርፍ ይኼ ነው።

ሁሉን በሌላው ጭስ አላሳብብም። የሐረማያ ሐይቅ የደረቀው በዋናነት በፓምፕ ስበነው፣ ዙሪያውን አራቁተን በደለል ስለሞላነው ነው። ያ የገዛ እጃችን ነው።

እኚያን አባት ብቻቸውን ባገኛቸው እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «አባቴ፣ ኃጢአቱስ አለ። ነገር ግን ከሰሉን ያነደደው ሌላ፣ ከብቱ ያለቀበት ሌላ ሆነ። የእኛ ነው ብለን አንገት ደፍተን ከተቀመጥን፣ መጠየቅ ያለበት ሳይጠየቅ ይቀራል፤ እኛም ማስተካከል የምንችለውን ሳናስተካክል እንቀራለን።» ደስታ የጠፋው ምክንያቱን የፈለጉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የዚህኛው ምክንያት ደግሞ ከአድዋ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል።

በእናንተ አካባቢስ ዝናቡ እንዴት ነው? ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ።