ኒው ዮርክ የጨለመችበት ሌሊት

ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ እርሱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሻል ቢባል ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩ እውነት መሆኑ በጥቅምት 30 ቀን 1958 ዓ.ም. በአሜሪካ በጉልህ ታይቷል።

በዚያ ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ፣ በካናዳ ከናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ባለው የሰር አዳም ቤክ ጣቢያ፣ መስመሮችን ከብልሽት እንዲጠብቅ የተተከለ አነስተኛ መሣሪያ አንዱን መስመር ቆረጠው። መስመሩ ደኅና ነበረ። መሣሪያው ግን መስመሩ ሊሸከም ከሚችለው ባነሰ ልክ ተወስኖ ስለነበረ፣ የምሽቱ ጭነት ከዚያ ልክ ሲያልፍ የታዘዘውን ፈጸመ። ጭነቱ በቀሩት አራት መስመሮች ላይ ወደቀ፤ እነርሱም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ተከታትለው ተቆረጡ። ወደ ካናዳ ይሄድ የነበረው ኃይል ፊቱን አዙሮ ወደ አሜሪካ መስመሮች ጎረፈ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ ተዋጠ። በኒው ዮርክ ብቻ 800,000 ያህል መንገደኛ በምድር ውስጥ ባቡር ላይ እንዳለ መንገድ ላይ ቀረ። ደግነቱ በዚያች ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ነበረች።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የከተማይቱ ጣቢያዎች ነዳጅ አላነሳቸውም፤ ሠራተኛም አላጡም። ይሁን እንጂ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ፣ ለእሳቱ አየር የሚነፋው ማራገቢያ፣ ዘይት የሚያመላልሰው ሞተር ሁሉም የሚዞሩት በኤሌክትሪክ ነው። ኃይል ከውጭ ይመጣልናል ተብሎ የመነሻ ሞተር በበቂ አልተዘጋጀም ነበርና፣ ከተማይቱ ሙሉ በሙሉ እስክትበራ እስከ 13 ሰዓት ያህል ፈጀ። በራቨንስውድ ጣቢያ ያለችውና 1,000 ሜጋዋት የምታመነጨው ታላቅ መኪና ደግሞ፣ ፍጥነቷን ቀንሳ ስትቆም የዘይቱ ፓምፕ ኃይል በማጣቱ ኩሽኔቶቿ ያለ ዘይት ተፋጭተው ተበላሹ። ያን ያህል ግዙፍ መኪና በአንድ ፓምፕ እጦት!

የራሳቸው ጄኔሬተር የነበራቸው ሆስፒታሎች ሥራቸውን ሲቀጥሉ፣ ያልነበራቸው በሻማና በእጅ ባትሪ አነጉ።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ መስመሮችን እርስ በርስ ማያያዙ አልነበረም። መያያዙ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲደግፈው የታሰበ ነው። ጥፋቱ በጎረቤት ድጋፍ ተማምኖ የራስን ስንቅ መርሳቱ ነበረ። ኩባንያዎቹም ይህን ተረድተው በ1960 ዓ.ም. የኤሌክትሪክን አስተማማኝነት የሚከታተል አንድ ምክር ቤት አቋቋሙ፤ በኒው ዮርክ ጣቢያዎችም ከውጭ ኃይል ሳይጠብቁ የሚነሡ የጋዝ ተርባይኖች ተተከሉ።

እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ጓሮ የቆመ ጄኔሬተር ካላችሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው መቼ እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቁት። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደገና በጨለማ ሲዋጥ፣ በኒው ዮርክ ጄኔሬተር በነበራቸው አንዳንድ ሆስፒታሎች ሞተሩ እንደታሰበው ሳይሠራ ቀርቶ ነበረ።